ዓይን ያወጣችው ታብሌት

ባለፈው እሁድ ማታ መብራት ጠፋ። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው መብራት ጠፋ ማለት ወሬ አይደለም። ወሬው ሻማ ፍለጋ የከፈትኩት መሳቢያ ነው። ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው የቀረው። በእሱ ብርሃን የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ስጎረጉር እጄ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ሳወጣው ከሥሩ ሌላ አለ። ሁለቱ አይፓዶቻችን ናቸው። ከድሮ የውኃ ደረሰኝ፣ ከተሰበረ መነጽርና ምን እንደሚከፍት ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ተደራርበው ተኝተዋል።

ሻማ የለም። እነሱኑ ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ። በመስኮቱ በኩል የአዳማው ፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ ቦግ ብሎ ይታያል። እኛ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን የሚያልፍ መኪና እንቆጥራለን። ትንሹ ልጄ ሁለቱን ታብሌቶች በግራና በቀኝ እጁ ያዘና እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረጋቸው።

«ይቺኛዋ ወፍራም ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «የቷ ናት የምትሻለው?»

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሳቀ። ልጁ ሳያውቀው የቤታችንን የድሮ ክርክር ነው የቀሰቀሰው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ያን ያህል ትሻላለች ወይ? በዚህ ነገር ስንት ማታ ተጨቃጭቀናል መሰላችሁ። የእኔ መልስ ራሱ ባለፉት ዓመታት ሦስቴ ተገለባብጧል።

የመጀመሪያዋ የመጣችው በ2003 መባቻ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከሜሪላንድ ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ ይዛት መጣች። ያኔ ሳሪስ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጫማውንም ሽቶውንም አድላ ከጨረሰች በኋላ፣ ከሻንጣው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አወጣች። «ይሄ ለሁላችሁም ነው» አለች። ለሁላችሁም የተባለ ዕቃ መጨረሻው ጸብ እንደሆነ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቃል።

መጀመሪያ የተቀበለቻት እማዬ ናት። ስክሪኑ አልበራም፤ ጥቁር መስታወት ነው። ፊቷን አየችበት፣ ነጠላዋን አስተካከለችበትና መለሰችላት። «ደግ ነው ልጄ፤ መስታወት ግን እኛም ቤት አለ።»

እትዬ ለራሷ ነበር የገዛቻት። አፕል አይፓድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 2002 ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ። አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው ደግሞ መጋቢት 25። ይህን ቀን የምናስታውሰው በሌላ ነገር ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ የእነሱም የእኛም አንድ ቀን ውሎ ነበር። መጋቢት 25 ቅዳም ስዑር ነው። እትዬ እንደምትለው ዶሮ ልትገዛ ወጥታ ሰልፍ አየች። ዶሮዋን ስለመግዛቷ እስከ ዛሬ ግልጽ መልስ አልሰጠችንም።

ዋጋዋ 499 ዶላር ነበር፤ ባለ 16 ጊጋባይቷ። ዶላሩ ነሐሴ 2002 ላይ ወደ 16 ብር ገደማ ከዘለለ በኋላ ስታሰሉት 8 ሺህ ብር አካባቢ ይመጣል። የዛሬ ልጅ ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል። ለእኛ ግን የወራት የቤት ኪራይ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ማንም ሳያስፈቅድ አይነካትም። ሰው ሲመጣ ትወጣለች፣ ሰው ሲሄድ በዚያችው ፎጣ ትጠቀለላለች።

ቆንጆ ነበረች፤ አልዋሽም። 9.7 ኢንች ስክሪን፣ 680 ግራም። ጀርባዋ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ስትጽፉ ትወዛወዛለች። ካሜራ የላትም። ከፊትም ከኋላም የለም። የዩኤስቢ ቀዳዳም የላትም። ይሄኛው ነው ባለቤቴን ያበሳጨው። በዚያን ጊዜ የቤታችን ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ኢቪዲኦ የሚባል ሞደም ነበር። ዕቃዋን አገላብጦ አገላብጦ አየና፣ «የት ነው የሚሰካው?» አለ። የትም። ብዙ ማታ ከታገለ በኋላ ላፕቶፑ ከኢቪዲኦው የሚቀበለውን ኢንተርኔት በዋይፋይ እንዲያካፍላት አደረገ። ላፕቶፑ መሀል ሳሎን፣ አይፓዷ ጭኑ ላይ፣ ሽቦው በመካከል። ገመድ አልባ የተባለችው ዕቃ በገመድ ተከባ ነው ቤታችን የኖረችው።

ሁለተኛዋ ይፋ የሆነችበትን ቀን አልረሳውም፤ መርሳትም አይቻልም። የካቲት 23 ቀን 2003፣ የዓድዋ 115ኛ ዓመት ዕለት። እኛ ቤት ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሽለላው በቴሌቪዥን ይታያል። ማታ ላይ፣ እዚያ ሳንፍራንሲስኮ፣ ስቲቭ ጆብስ የሕመም ፈቃድ ላይ እያለ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ አይፓድ 2ን አሳየ። እትዬ ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ እንደ ጥፋተኛ ሆኖ፣ «ሌላ አወጡ እኮ» አለች። ገና ስድስት ወራችን ነው።

ባለቤቴ በማግስቱ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ዝርዝሩን አንብቦ መጣ። መካኒክ ነው። ዕቃ ሲገመግም ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት መረጋጋት ይታያል። ውፍረቷ ከ13.4 ሚሊ ሜትር ወደ 8.8 ወርዷል፤ ከራሳቸው አይፎን 4 እንኳ ትሳሳለች። ክብደቷ 601 ግራም ሆኗል። ሁለት ካሜራ ገብቶላታል። ኤ5 የሚባል ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር አላት። ነጭ ቀለምም አላት። ስክሪኗ ግን ያው ነው፤ 1024 በ768። ዋጋዋም ያው 499። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጠፈና፣

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ።

ተስማማሁ። ደስም አለኝ። ክብደቱን አስልቼዋለሁ፤ ልዩነቱ 79 ግራም ነው። ያኔ ከቀበሌ ሱቅ የምንገዛው ዳቦ 100 ግራም ነበር። ከአንድ ዳቦ ላነሰ ነገር ነው እንዴ ይህ ሁሉ ጭብጨባ? መቅጠኗስ ለማን ነው? ታክሲ ውስጥ ይዘን አንዞር! ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ፍርዱ የዕቃዋ አልነበረም። እጃችን ያለው ዕቃ በስድስት ወሩ እንዲያረጅብን አልፈለግንም፤ በቃ። ከትናንት ወዲያ ቤት የገዛ ሰው ስለ አዲሱ መንደር ጠይቁት፣ አፈሩ ይሰነጠቃል ነው የሚላችሁ።

የመጀመሪያው መልሴ እንግዲህ ይሄ ነበር። አይሻልም።

እትዬ ለጉራ አትመችም። ለ2004 እንቁጣጣሽ አይፓድ 2ን በሰው እጅ ላከች፤ ዘንድሮ «ለእማዬ» ብላ፣ ለሁላችሁም የሚለው ጣጣ እንዳይደገም። ይዞ የመጣው ሰው ሳምንት ሙሉ ቤቱ አቆያት። ምን እንዳደረገባት እግዜር ይወቀው። ስትደርስ ባለቤቴ እማዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ጀመር። ይሄ የፊት ካሜራዋ ነው፣ ይሄ የኋላዋ። ታያለች። የድሮዋ ግን ምንም አታይም ነበር።

እማዬ የድሮዋን ዞር ብላ አየቻት። «እሷ ዕውር ነበረች?» አለች። ከዚያ አዲሷን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችና ጮክ ብላ ሳቀች። «ይቺስ ዓይን አውጥታለች!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ወጣ። አንዷ ዕውሯ፣ አንዷ ዓይን ያወጣችው። ልጆቹ አይፓድ 1፣ አይፓድ 2 ብለው አያውቁም። እንግዳ መጥቶ «እማዬ፣ ዓይን ያወጣችው የታለች?» ሲሉ ሰምቶ ስለ ጎረቤት የምናማ የመሰለውም አለ።

ካሜራዋ እኮ ደግሞ ካሜራ እንዳይመስላችሁ። ጥራቱን ስናገር አፍራለሁ። የኋላው ፎቶ 960 በ720 ነው፤ አንድ ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። በዚያው ጊዜ ከመርካቶ የሚገዙ የቻይና ስልኮች ከዚያ የበለጠ ጥራት በካርቶናቸው ላይ ይጽፉ ነበር፤ እውነትም ይሁን ውሸት። ማታ አምፖል ሥር ያነሳነው ሁሉ ቡና ላይ የተነሳ ጭስ ይመስላል። የፊቱ ካሜራ ከዚያም ያንሳል።

ግን አንድ ማታ፣ ኔትወርኩ ቀለል ሲል ከአራት ሰዓት በኋላ፣ እትዬ በፌስታይም ደወለች። ባለቤቴ ላፕቶፑን ከነኢቪዲኦው መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል። ስክሪኑ ላይ የሆነ ዝንጉርጉር ነገር መጣ። ቆመ። ተበጣጠሰ። ከዚያ ድንገት የእትዬ ፊት ሆነ። እማዬ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አይፓዷን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻት፤ ስልክ ናት ብላ። እትዬ ከዚያ ወዲያ ያየችው የእማዬን ጆሮና የነጠላ ጥለት ብቻ ነው። እናስተካክል ብለን ስናዞራት ደግሞ ግንባሯና ኮርኒሱ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከኮርኒሳችን ጋር ነው ያወራችው። ማዶ ሆና ታለቅሳለች፣ እኛ እንስቃለን፣ እማዬ «ምን ሆና ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ከ2003 በፊት ለስድስት ዓመት አልተያዩም ነበር። እትዬ ለእንቁጣጣሽ መጥታ ከሄደችም ዓመት አልፎታል።

ባለቤቴ በማግስቱ ስለ ዶማው አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም።

ሁለተኛው መልሴ የዚያን ማታ መጣ። ትሻላለች። በመጥፎ ካሜራና በጥሩ ካሜራ መሀል ያለው ልዩነት ለፎቶ አንሺ ነው። በመጥፎ ካሜራና በምንም መሀል ያለው ልዩነት ግን ለእማዬ ነው። መጽሔት ላይ የሚጽፉት ሰዎች የመጀመሪያውን ይለኩና ሁለተኛውን ይዘሉታል። ያን ጊዜ ጥሩ ስልክ በኪሳቸው ስለነበረ መሰለኝ።

ሦስተኛው መልስ ግን ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝም እሱ ነው። ምክንያቱም ሱቅ ገብታችሁ በዓይን የምታዩት፣ በእጅ የምትዳስሱት ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዋ አይፓድ ራሟ፣ ማለትም የከፈታችሁትን ነገር የምትይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻዋ፣ 256 ሜጋባይት ነው። የሁለተኛዋ 512። አፕል እነዚህን ቁጥሮች ማስታወቂያው ላይ አያወጣቸውም ነበር። ዕቃውን የፈቱ ሰዎች ናቸው የነገሩን። ቁጥሩ ለእኔ ምንም ማለት አልነበረም፤ ኑሮ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ባለቤቴ በዕውሯ የጋዜጣ ድረ ገጽ ይከፍታል። ግማሹን ያነባል። ኢሜይል መጣ ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ገጹ ነጭ ነው። ከመጀመሪያው ትጭነዋለች፤ ረስታዋለች። ሌላ ገጽ ከፍቶ ሲመለስ አሁንም ረስታዋለች። አሜሪካ ቢሆን ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። እኛ ግን የምንከፍለው በሜጋባይት ነው። አንዱን ዜና ሦስት ጊዜ ገዝተን ነበር የምናነበው። ባለቤቴ በኋላ መላ አገኘ። ገጹን ከፍቶ ሳይነካት፣ ሳይነቀንቃት፣ ትንፋሹን ውጦ ያነባል። ስልክ ሲደወልለት እንኳ በአንድ እጁ ነበር የሚያነሳው።

ዓይን ያወጣችው ከዚህ ገላገለችን። እሷም ትረሳለች፤ ግን እንደዚያች አይደለም። ሦስት አራት ገጽ ትይዛለች። የወር ካርዳችን ቀነሰ። በስንት እንደሆነ ጽፌ አልያዝኩም። ባለቤቴ ግን ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው አይደለምና ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ቀጥሎ መስከረም 2005 መጣ። አይኦኤስ 6፣ ማለትም የዕቃዋ ዋና ሶፍትዌር አዲሱ ስሪት፣ ሲወጣ የመጀመሪያዋ አይፓድ አልተካተተችም። 5.1.1 ላይ ቆመች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ለሽያጭ ከቀረበች ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። እኔ ጣቴን የምቀስረው ወደዚያች 256 ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አፕ ባወረድን ቁጥር፣ ይህ አፕ ከፍ ያለ ስሪት ይፈልጋል የሚል መልእክት። ሁለተኛዋ ግን 6ን፣ 7ን፣ 8ን፣ 9ን አየች። የመጨረሻውን 9.3.5 ያገኘችው ነሐሴ 2008 ነው። አምስት ዓመት ተኩል። ገበያ ላይም ከመጋቢት 2003 እስከ መጋቢት 2006 ቆይታለች። ያቺ ስክሪኗ የተወራላት ሦስተኛዋ እንኳ በሰባት ወሯ ከገበያ ስትወጣ፣ አይፓድ 2 ከበላይዋ ቆማ ትሸጥ ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው በራሱ ቋንቋ ተረዳው። «ሞተር ነዋ!» አለ። «መኪና ሲሸጥ ሰው ቀለሙን ነው የሚያየው።» ከዚያ ስለ ቪትስ ጀመረ። በፈረንጆቹ የ1999 ቪትስና የ2005 ቪትስ ልዩነት ላይ እሱን ካስጀመራችሁት ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አያባራም። አልፈዋለሁ።

ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወደዚህ የመጣነው በ2008 ነው። ያኔ ቱሉ ዲምቱ ነፋስና አቧራ ነበር። ብሎኩ ቆሟል፣ ሰው የለም። ማታ ጅብ ይጮሃል። ከፎቁ ሥር የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ የፍጥነት መንገዱ። መብራት ቢመጣም ባይመጣም ለማንም አይገርምም። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

እዚህ ከገባን በኋላ ነው ስለ ሁለቱ ታብሌቶች ማንም ያልጻፈውን ነገር ያስተዋልኩት። ከሁሉ የጠቀመን ያልተሻሻለው ነገራቸው ነው። ባትሪያቸው አሥር ሰዓት ይሠራል ተብሎ ነው ሁለቱም የተሸጡት። ሲያቀጥኗት ከባትሪዋ ቆርጠው ቢወስዱ ማን ይከለክላቸው ነበር? አልወሰዱም። ቀን ከሥራ ቦታ ሞልቼ የማመጣት ታብሌት ማታ በጨለማ ለልጆች መብራትም፣ ፊልምም፣ ደብተርም ነበረች። ኬብላቸውም ያው ነው፤ ያ ሰፊው ባለ 30 ፒን። ቤት ውስጥ አንድ ኬብል ለሁለቱ ይበቃል። አንዱ ቻርጀር ሲቃጠል በሌላው እንኖራለን። በኋላ አፕል ያንን ሰኪ ሲቀይረው በዓለም ላይ ስንት ኬብል እንደተጣለ እንጃ። የእኛው ግን ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ እስከ ዛሬ አለ።

አዲስ ነገር ሲወጣ ምን ተጨመረ ብለን ነው የምንጠይቀው። ምን አልነካችሁም ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እኔም በ2003 አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ላይ ግን ዕውሯ ታሸንፋለች። ይህን ያወቅኩት በ2010 ነው። ትልቁ ልጄ ዓይን ያወጣችውን ደረጃ ላይ ጣላት። መስታወቷ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ሆነ። በር ላይ ወዳለችው ኮንቴይነር ሱቅ ይዣት ወረድኩ። ሠሪው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «ማዘር፣ ይሄን የሚሠራ ሰው አያገኙም፤ እድለኛ ነዎት» አለኝ። ማዘር ያለኝን ችላ አልኩት።

ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ስብርባሪው እንዳይበተን መስታወቱን በግልጽ ፕላስተር ሸፈነው። ከዚያ ሙቅ አየር የሚተፋውን መሣሪያ አስነስቶ በአንዱ ጠርዝ ላይ ቀስ እያለ ያመላልሰዋል። በእጁ ጀርባ ሙቀቱን ይሞክራል። አሁንም ያመላልሳል። አንድ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አወጣ። ጥጉን በመቀስ አሹሎታል። እሱን በመስታወቱና በአሉሚኒየሙ መሀል ሰካና ገፋ። ቀጭ። ስንጥር ወጣ። ቀጭ። ሌላ ስንጥር። ከሥሩ ጥቁር ሙጫ እንደ ማር ይሳባል። አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን ሲያሞቅ የመጀመሪያው ቀዝቅዞ መልሶ ይጣበቃል። በየመሀሉ ካርዱን ቆራርጦ እንደ ሽብልቅ ይሰካበታል። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጣቱን ሁለት ቦታ ቆረጠው።

«ከዚህች በፊት የነበረችው ትሻል ነበር» አለ፣ ደሙን በጨርቅ እየጠረገ።

«የመጀመሪያዋ?»

«አዎ። እሷ ዙሪያዋን በትናንሽ መያዣ ነው የተያዘችው። በቀጭን ነገር ፈልቀቅ ሲያደርጓት ትከፈታለች። ይቺን ግን ስስ ትሁን ብለው በሙጫ ለጠፏት።»

ያ በ2003 የሳቅንበት መቅጠን ሂሳቡን የላከልን በዚህ መንገድ ነው። ለማን ነው መቅጠኗ ብዬ ነበር። ለዚህ ልጅ ጣት እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ።

መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ዓይን ያወጣችው ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ ሥራ ሠራች። የቤት ሥራው በቴሌግራም ወደ ስልኬ ይመጣል። እኔ በኢሜይል ወደ እሷ አሳልፋለሁ። ልጆቹ ከስልኬ ስክሪን ይልቅ በእሷ ሰፊ ገጽ ያነባሉ። እያዘገመች ነበር። እውነቱን ለመናገር ያዘገመችው አይኦኤስ 9ን ከጫንባት ቀን ጀምሮ ነው። ፊደል ነክታችሁ ፊደሉ እስኪመጣ ሌላ ነገር ታስባላችሁ። አፕዴት ማለት ማሻሻል ነው ብለው አስተምረውን፣ እኛም አምነን ጫንንባት። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። «የሚሠራ ሞተር አይነካም፤ መካኒክ ሆኜ እንዴት ጠፋኝ» ይላል። አንድ ቀን ከአንድ ድረ ገጽ በኋላ ሌላውም አልከፈት አላት። ዕውሯማ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው ድረ ገጽ ያቆመችው። ሁለቱም መሳቢያ ገቡ።

ስለዚህ ለልጄ ምን ልበለው? ትሻላለች አልኩት። «በምን?» አለኝ። ረጅም ነው አልኩት። እውነትም ረጅም ነው። የዛሬ ሰው ሁለተኛውን ልግዛ ወይስ በመጀመሪያው ልቆይ ሲለኝ፣ ካሜራውንና ውፍረቱን ትቼ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። ራሙ ስንት ነው? ሲሰበር የሚከፍተው ልጅ ሰፈራችሁ አለ? ሰው ቅር ይለዋል። አዲስ ዕቃ ሊገዛ ተደስቶ የመጣን ሰው ስለ ስብራት አይጠይቁትም።

ይሄን እያወራን ከታችኛው ብሎክ ጩኸት ተነሳ። «መጣ! መጣ!» ልጆች ናቸው፤ ከብሎክ ብሎክ እየተቀባበሉ ይጮሃሉ። የእኛም በራ። ባለቤቴ ቶሎ ተነስቶ ስልኮቹን ሁሉ ሰካ። እኔ ፕላስተር የተጠቀለለችውን ኬብል ፈልጌ አመጣሁ። አንድ ናት። ሁለቱን ታብሌቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ።

እማዬ ጥግ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከጀመርን አንስቶ ዝም ብላለች።

«እማዬ፣ የቷን ልሰካ?»

«ዓይን ያወጣችውን ነዋ! እትዬሽ እዚያ ውስጥ አለች።»

ሰካኋት። ለብዙ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያቺ ባዶ ባትሪ፣ ጫፏ ላይ ቀይ መስመር፣ ብቅ አለች። ልጄ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ደረሰ። እማዬም ነጠላዋን አስተካከለች።

መብራቱ ጠፋ።

«ተይው በቃ» አለች በጨለማ ውስጥ። «ነገ ትሰኪያታለሽ።»